ያልተጠማው ስንዴ

በምርምር ጣቢያው ግቢ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከበር ጠባቂው እስከ ክፍል ኃላፊው ድረስ «ጨዊቱ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የጣቢያው ሾፌር ነው። ሌላው ተመራማሪ ማዳበሪያ ሲያስጭን እሷ ጨው በኩንታል ስታስጭን አየና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ስንዴውን ልታበቅይው ነው ወይስ ልትቀቅይው?» ብሎ ጠየቃት። ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሷም አልተቀየመችም። ጨዋታዋ ጨው እንደሌለው ስለምታውቅ፣ በስሟ በኩል ትንሽ ጣል ማድረጋቸውን እንደ ውለታ ቆጠረችው።

ስንዴን ከጨው ጋር የማላመድ ሥራዋን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘችው። ያባቷ መሬት ከወንዙ በታች፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ልጅ ሳለች ቦይ ተቆፍሮ ውሃ ሲገባበት አካባቢው ሁሉ ጠገበ፤ ሰዉ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ልጁን ዳረ፣ አስተማረ። ውሃው ግን ሜዳው ላይ እየተኛ፣ ፀሐይም እየመጠጠችው፣ ከመሬቱ ሆድ ውስጥ የነበረውን ጨው እየጎተተ ወደ ላይ አወጣው። መጀመሪያ በማሳው ጠርዝ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነገር ታየ። ቀጥሎ መሀሉን ያዘ። ስንዴው ይበቅልና ስንዝር ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ ከቅጠሉ ጫፍ ጀምሮ እሳት እንደላሰው እየነደደ ይቀራል። የጉድጓዱም ውሃ ከረረ፣ የሚጠጣው ከሩቅ በቦቴ የሚመጣ ሆነ። ጎረቤቱ እያዘነም እየተራገመም ቤቱን ዘግቶ ወደ ከተማ ሄደ። አባቷ አልሄዱም። ታላቅ ወንድሟም ከሳቸው ጋር ቀረ፣ አግብቶ እዚያው ኖረ። እሷ ብቻ ለትምህርት ወጣች፤ ስትወጣም ምን ልትማር እንደምትሄድ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም ለማንም አልነገረችም።

ዓመታት አለፉ። ስንዴ ከጨው ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ አንድ ዘመድ አለው፤ ከጨዋማ ረግረግ ዳር የሚበቅል፣ ፍሬው ለወፍ እንኳ የማይበቃ ጭራሮ። የዚህ ዘመዱ ሥር ጨዉን ይዞ ያስቀረዋል፣ ወደ ቅጠሉ አያሳልፈውም። ይህን የሚያደርገው በዘሩ ውስጥ ያለ አንድ ዘረመል ነው። የጨዊቱ ድካም ሁሉ ያንን ዘረመል ብቻ አውጥቶ፣ ጭራሮነቱን ሳያስከትሉ፣ ወደ ዳቦ ስንዴ ማሻገር ነበር። ለእናቷ፣ በሕይወት ሳሉ፣ ስታስረዳቸው፣ «ልጁ ያባቱን ጥርስ ወርሶ የአባቱን አመል እንዲተው ማድረግ ማለት ነው» ብላቸው፣ እናቷ ባላቸውን በዓይናቸው ገረፍ እያደረጉ፣ «እሱስ ቢሳካልሽ ጥሩ ነበር» አሏት።

ማዳቀል የዓይንና የጣት ሥራ ነው። የስንዴ አበባ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። እሷን በወረንጦ ከፍቶ ወንዴውን ክፍል ሳይበጥሱ መልቀም፣ ዛላውን በወረቀት ከረጢት መሸፈን፣ ጊዜውን ጠብቆ የሌላውን ብናኝ ማራገፍ ያስፈልጋል። የተገኘው ዘር ተዘርቶ ሲበቅል ከቅጠሉ ቁራጭ ይወሰድና ላቦራቶሪ ውስጥ ይፈጫል፤ ዘረመሉ አለ ወይስ የለም ይባላል። አብዛኛው ይጣላል። እንዲህ ስትጥል ስትጥል ከኖረች በኋላ አንዲት ዝርያ ተረፈችላት። ዛላዋ ጠቆር ያለ ስለሆነ «ጠይሟ» አለቻት። በጨው ውሃ አደገች። ውሃ ሲቋረጥባትም ከሌሎቹ ዘግይታ ጠወለገች። ይህ ግን በግሪንሃውስ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ባልዲ ላይ ነው። ሜዳ ሌላ ነው።

ለሜዳው ሙከራ ያባቷን መሬት መረጠች። ጣቢያው የጨው መሬት ይፈልግ ነበር፤ ከሱ የባሰ ደግሞ በአካባቢው አልነበረም። አሥራ ስምንት ዓይነት ስንዴ ተዘራ፤ እያንዳንዱ በሦስት የተለያየ መደብ ላይ፣ ቦታው በዕጣ ወጥቶ። ማሳውን የሚጠብቅ ሰው እንዳያዳላ ችካሉ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልተጻፈም። የውሃው ደንብ ደግሞ አንድ ነው፦ ስንዴው ካበበ በኋላ ጠብታ ውሃ አያገኝም። ወንድሟ ከቦዩ የሚመጣውን መግቢያ በአፈር ደፈነላት፣ በላዩም ድንጋይ ጫነበት።

ቡቃያው አረንጓዴ ከለበሰ በኋላ አንድ ቀን ልታይ መጣችና ከአባቷ ጋር በማሳው መሀል ሲሄዱ፣ አባቷ፣ «የቱ ነው ያንቺ?» ብለው ጠየቋት። ሁሉም የኔ ነው ማለት ትችል ነበር፤ ደንቡም የሚለው እንደዚያ ነው። ግን ያን ያህል ዘመን ስለ ሥራዋ ጠይቀዋት አያውቁም ነበርና ሆዷ ባባ። «ይቺ፣ ያቺና ያቺ ማዶ ያለችው» አለች በጣቷ እያሳየች። አባቷ ወደ እያንዳንዷ መደብ ሄደው ችካሉን ነካ ነካ አደረጉ፣ እንደተዋወቁ ያህል።

ያ ዓመት ሰማዩ የጨከነበት ዓመት ሆነ። በአካባቢው የሌላው ሰው እህል ገና ከጉልበት ሳይደርስ ቀረ። በሙከራው ማሳ ላይ ያሉትም ስንዴዎች አንድ በአንድ ገረጡ፣ ፍሬያቸው እንደ ቆዳ ተጨማደደ። ጠይሟ ግን ቆመች። በሦስቱም መደብ ላይ ቆመች። ምርቱ ተሰብስቦ ሲመዘን ከሁሉም በእጥፍ በለጠች፤ ቅጠሏ ሲመረመርም ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። ጨዊቱ ውጤቱን ስታይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የጣቢያው ስሌት የሚሠራ፣ ነገር ሁሉ የሚከብደው አንድ ባልደረባ ነበራቸው፤ «ሚዛን» ይሉታል። ቁጥሩን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው፤ እሱ ነው ያስጨነቀኝ» አላት። የመደቦቹ አፈር ከአጨዳ በኋላ እንደገና ቢለካ ምን ይመስልሻል ብሎም ጠየቃት። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ምቀኝነት መሰላት። እንደዚያ ብላ ማሰቧ በኋላ ብዙ አብከነከናት እንጂ፣ ያኔ አላስተዋለችውም።

በተመራማሪዎቹ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ቀርባ ተናገረች፤ ተጨበጨበላት። የጠይሟ ዘር እንዲባዛና በሚቀጥለው የዘር ወቅት ለቆላው ገበሬዎች እንዲሰጥ ተወሰነ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ያባቷ ሰፈር ደረሰ። ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ይሠራ የነበረ አንድ ጎረቤታቸው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተመለሰ፣ የተዘጋ ቤቱን ከፍቶ ጣሪያውን ይጠግን ጀመር።

እሷም ደስታዋን ለቤተሰቧ ልታካፍል ሄደች። አባቷን ያገኘቻቸው ቀኝ ትከሻቸው በጨርቅ ታስሮ ነው። ሲጨብጧትም በግራ እጃቸው ነበር። ምን ሆኑ ብላ ብትጠይቅ፣ «እርጅና ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል» ብለው ነገሩን አለባበሱት። ጓዳ ስትገባ የወንድሟ ሚስት ሽንኩርት ትከትፋለች። እሷን ጠየቀቻት።

«ያንቺ ስንዴ ነው እንጂ» አለች የወንድሟ ሚስት፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በምሬት።

«የኔ ስንዴ ምን አደረጋቸው?»

«ምን አደረጋቸው ትይኛለሽ? ጀሪካን ተሸክመው አይደል የከረሙት። ቦቴ ያመጣውን ውሃ ለሰው በድርሻ ነው የማካፍለው። የሳቸውን ድርሻ አይታጠቡበት፣ አይጠግቡበት። በዚያችው የኔ ናት ብለሽ ባሳየሻቸው ላይ፣ ሲመሻሽ ሄደው ያፈሱታል። ወንድምሽ የሚጠጣ ውሃ ደፉ ብሎ እንዳይቆጣቸው ደግሞ በጓሮ ዞረው። ስቆጣ 'ልጄ ሰው ፊት ታፍራለች' ይሉኛል። እኔስ ምን ልበል?» ቀና ብላ ስታያት ደነገጠች። «ምነው? ፊትሽ እኮ ተለዋወጠ።»

«ምንም» አለች ጨዊቱ። ወጥታ ወደ ማሳው ሄደች። ገለባው ብቻ ነው የቀረው። ከጠይሟ መደብና ከጎኗ ካለው መደብ አፈር ቆፍራ በሁለት ላስቲክ ያዘች። መመርመር እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ከላይ የሚፈስ ንጹሕ ውሃ ጥሙን ብቻ አይደለም የሚቆርጠው፣ ጨዉንም አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል። ጠይሟ አልተጠማችም። ጨዉንም አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። የተጨበጨበለት ስንዴ ሳይሆን የአንድ ሽማግሌ ትከሻ ነው።

እራት ላይ አባቷ ስብሰባው እንዴት እንደነበር ጠየቋት። ጥሩ ነበር አለቻቸው። በግራ እጃቸው እየበሉ ፈገግ አሉ፤ ሲያኝኩም ፈገግታው አልጠፋም። 

የአፈሩ ውጤት ሲወጣ እንደጠረጠረችው ነበር፤ የጠይሟ መደብ ጨው ከጎኗ ካለው በእጅጉ ያነሰ ነው። ክፍል ኃላፊው ዘንድ ገብታ ነገረችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ላቦራቶሪዋ ሲዘጋባት ተሟግቶ ያስከፈተላት እሱ ነው። በሩን ዘጋና፣ ሙከራውን በሚቀጥለው ዓመት በድብቅ እንድገመው፣ እስከዚያ ማባዛቱ ይቀጥል አላት። «ስንዴዋ እውነትም ጎበዝ ልትሆን ትችላለች። ያኔ ማን ይጠይቅሻል? አሁን ብትናገሪ ግን አንቺም፣ እኔም፣ ክፍሉም አለቀልን።»

«ጎበዝ ባትሆንስ፣ ዶክተር?»

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ከፈተላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ምግብ አስጠላት። ዓይኗን በጨው ታጥባ ዝም ማለት ትችል ነበር። ማን ያውቃል? የወንድሟ ሚስት የነገሩ ክብደት አልገባትም፤ አባቷም ጥሩ እንደሠሩ ነው የሚያምኑት። ግን ጣሪያውን የሚጠግነው ጎረቤት ዓይኗ ላይ ይመጣል። ዘሩን ይቀበላል፣ አምኖ ይዘራል፣ ውሃ የማያስፈልገው ስንዴ ነው ብለውት ዝም ብሎ ይጠብቃል። በመጨረሻ ለወንድሟ ደውላ አባታቸው ያደረጉትንና እሷም ልትናገር እንደሆነ ነገረችው። ወንድሟም፣ «የኔ እህት፣ ያልሽውን በይ። የአባባን ስም ግን አታንሺ» ብሎ ለመናት።

ዘሩ እንዲባዛ በወሰነው ኮሚቴ ፊት ቆማ ተናገረች። ውሃ እንዳልተከለከለ፣ ያጠጣውም ሰው የትኛው መደብ የጠይሟ እንደሆነ ከራሷ አፍ እንደሰማ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ አስረዳች። ማን ነው ያጠጣው ብለው ሲጠይቋት «ከቤተሰቤ ነው» ብላ አቆመች። ሚዛን ጥግ ላይ ተቀምጧል። «ነግሬሽ አልነበር» ይላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ሲወለውል ቆየና፣ ሙከራውን መድገም ካስፈለገ የችካሎቹን ቁጥር እኔ እይዛለሁ አለ።

ማባዛቱ ቆመ። የስንዴው ምርምር መሪነት ከእሷ ተነስቶ ለሌላ ተሰጠ፤ እሷ በወረንጦዋ ላይ ብቻ ቀረች። ኃላፊው በኮሪደሩ ሲተላለፉ አንገቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሾፌሩም መቀለድ ተወ፤ ከሁሉም ይልቅ ይሄ ነው የከበዳት።

«ከቤተሰቤ ነው» ያለችው ነገር ሰፈሩ ሲደርስ ማንን ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም። ጎረቤትየው መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። አልጮኸም። አባቷን፣ ውሃ ያጠጡት እርስዎ ኖት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ አዎ እኔ ነኝ፣ ምነው አሉት፤ ምን እንዳጠፉ አያውቁምና። እሱ ነው እዚያው ቆሞ ያስረዳቸው። ወንድሟ ደውሎ ይህን ሲነግራት፣ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነሳች።

አባቷ ከቤቱ ግድግዳ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ለማሳው ሰጥተው።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አሏት ገና ሳትቀመጥ።

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ከጎረቤት አፍ ስሰማ ያላዘንኩ መስሎሽ ነው?»

መሬት ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ እሳቸው በዝግታ መናገር ጀመሩ። «ያንቺ ናት ብለሽ አሳየሽኝ። ሄጄ ሄጄ ሳያት ጫፏ ተጠቅልሏል። ውሃ ደግሞ እጄ ላይ አለ። ምን ላድርግ? ተጠምታ እያየሁ ቁጭ ልበል?»

«እንድትጠማ ነበር የዘራኋት፣ አባባ። ተጠምታ መኖር ትችል እንደሆነ ላይ።»

አባቷ ይህን ቃል ወደ ውስጣቸው አስገብተው አብላሉት። የታመመ ትከሻቸውን በሌላው እጃቸው ያዙ።

«እንዲህ ብለሽ ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉና አቋረጡ። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ብትነግሪኝም እንጃ» አሉ።

ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮዋ ሲወጣ ለቅሶ ሆነ። እሳቸው አላባበሏትም። እጃቸውን ራሷ ላይ ጣል አደረጉ፣ ከብዶ እስኪሰማት ድረስም አላነሱትም።

ጎረቤትየው ጣሪያውን ሳይጨርስ ቤተሰቡን ይዞ እንደገና ሄደ። አባቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ማሳው አልወረዱም። በዚያ መሬት ላይ ሲነሱና ሲወድቁ የኖሩ ሰው፣ በሩ ላይ ወጥተው እንኳ ወደዚያ መመልከት ተዉ። ወንድሟም ብቻውን አልቻለምና መሬቱን ለነጩ ጨው ለቆ፣ ውሃ በሚያመላልሰው ቦቴ ላይ በሾፌርነት ተቀጠረ። የአባቷ ትከሻ ሐኪም ይፈልግ ስለነበር ጨዊቱ ወደ ከተማ ወሰደቻቸው፤ ሁለት ክፍል ካላት ቤቷ አንዱን ለቀቀችላቸው።

ሙከራው በሌላ ቦታ፣ ዝናብ በማያስገባ የላስቲክ ጣሪያ ሥር ተደገመ። የትኛው ቁጥር የትኛው ስንዴ እንደሆነ የሚያውቀው ሚዛን ብቻ ነበር፤ እሷም አላወቀችም። ሲገለጥ ጠይሟ ጨው ብቻውን ሲሆን ደህና ናት። ጥሙ ሲደመርበት ግን ፍሬዋ ባዶ ሆነ፤ ገበሬው አሁን ከሚዘራው ከተራው ስንዴ እንኳ አነሰች። ዘሩ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ቆላው ሁሉ ያን ዓመት ባዶ እጁን ይቀር ነበር። ጨዊቱ ወረቀቱን አስቀመጠች። ደስታ አልነበረም። ከዚያ ጉዳት የዳነ ሰው መዳኑን አያውቅም፤ ጎረቤትየው የሚያውቀው ተስፋ ሰጥተው እንደነሱት ብቻ ነው። ሄዳ ልትነግረው አሰበችና አድራሻውን የሚያውቅ አላገኘችም።

ከጠይሟ ዘረመሉን ይዞ፣ ሥሩ ወደ ጥልቅ ከሚወርድ ሌላ ስንዴ ጋር ማዳቀል እንደ አዲስ ተጀመረ። ይህ ደግሞ የዓመታት ሥራ ነው፤ መጨረሻውን ልታየው ትችላለች፣ ላታየውም ትችላለች። ዓይኗ ደከመ፤ አሁን አበባዋን ለመክፈት መነጽር ታደርጋለች። ኃላፊውም ከብዙ ጊዜ በኋላ ደህና አደርሽ ማለት ጀምሯል፣ ዓይኗን ግን አያይም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ከሐኪም ሲመለሱ ያለችበትን ልይ ብለው ወደ ጣቢያው መጡ። ግሪንሃውስ ውስጥ አስገባቻቸው። የጥም ሙከራ ላይ ያሉ ቡቃያዎች በሣጥን በሣጥን ተደርድረዋል፤ ከነጋ ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተዋል። በአጠገባቸው የቧንቧ ውሃ አለ፤ ከአፉ ይንጠባጠባል። አባቷ አንዱን ሣጥን አዩ፣ ቧንቧውን አዩ፣ እሷን አዩ። እሷም እጇን ከሥራው አላነሳችም። ቧንቧውን ሳይነኩ ተመልሰው ወጡ።

ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ በሩ ዘንድ አገኘቻቸው። ከጠባቂው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናብ ይጫወታሉ፤ ዘንድሮ ይዘገያል፣ አይዘገይም እያሉ። ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ክርክራቸውን እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው።